ያረጀ ዛፍ ወይስ ያረጀ ደን? በብሪታንያ የቱን ጫካ ልይ ለሚል ሰው

ኒው ፎረስት መጀመሪያ የሄድኩት በስሙ ተታልዬ ነው። ከለንደን ዋተርሉ ተሳፍሬ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዤ ብሮክንኸርስት ወረድኩ። የጠበቅኩት ፀሐይ የማያሳልፍ ደን ነበር። ያገኘሁት ግን የተጋጠ ሜዳ፣ ረግረግ፣ ጉልበት የሚደርስ ቁጥቋጦና አስፋልት ላይ ቆመው መኪና የሚያስጠብቁ ድንክ ፈረሶች ናቸው። ዛፉ ያለው ራቅ ብሎ ነው። ተናድጄ ተመለስኩ።

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቦታው አልነበረም። «ፎረስት» በድሮው የእንግሊዝ ሕግ ደን ማለት አልነበረም፤ ንጉሡ ለአደን የከለለው መሬት ማለት ነበር። ቀዳማዊ ዊልያም በ1079 ኒው ፎረስትን ሲከልል (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያስጠበቀው አጋዘኑን ነው፤ ዛፍ ኖረም አልኖረም። ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ ባለው ዳርትሙር መሐል ደግሞ እስከ ዛሬ «ፎረስት» እየተባለ የሚጠራ፣ ከሞላ ጎደል ዛፍ አልባ የሆነ ደጋ አለ።

ስለዚህ ሰው «የቱ ጫካ ይሻላል?» ሲለኝ መልሼ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ማየት የምትፈልገው ያረጀ ዛፍ ነው ወይስ ያረጀ ደን? ሁለቱ እዚህ አገር ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ አይገኙም። መጀመሪያ ይህን ያልለየ ሰው እንደ እኔ ተናዶ ይመለሳል።

ያረጀ ደን ሲባል ያረጀው መሬቱ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ቢያንስ ከ1600 ጀምሮ፣ በስኮትላንድ ከ1750 ጀምሮ ሳይቋረጥ ዛፍ የለበሰ መሬት «ጥንታዊ ደን» ይባላል። ከአገሪቱ ስፋት 2.5 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። እዚያ ውስጥ የቆሙት ግንዶች ግን ወጣት ሊሆኑ ይችላሉ። ባህር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ሁሉ፣ የእነሱም ሃዘልና አሽ ለማገዶ፣ ለአጥርና ለከሰል በየአሥርና በየሃያ ዓመቱ ሲቆረጥ ኖሯል። ቀጥ ብሎ ያደገው ኦክ ደግሞ መቶ ዓመት ገደማ ሲሞላው ለመርከብና ለጣሪያ ይወሰዳል። ደኑ ሺህ ዓመት፣ ግንዱ ሠላሳ ዓመት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ኦኮች ከመጥረቢያ ያመለጡት ከደን ውጭ፣ ነገሥታትና መሳፍንት አጋዘን በሚያረቡበት ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ብርሃን ስለማይሻሙ ወደ ላይ ከመመዘዝ ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋሉ፤ ግንዳቸው አጭር፣ ወፍራምና ጠማማ ይሆናል። ጠማማ ግንድ ለሳንቃ አይመችም። ሲያረጅ ውስጡ ይቦረቦራል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጨርሶ የሚፈልገው የለም። ለእንጨት ነጋዴ አለመርባታቸው ነው ያኖራቸው። አጋዘኑና ከብቱም በዙሪያቸው የሚበቅለውን ችግኝ እየበሉ ሌላ ዛፍ እንዳያፍናቸው አድርገዋል። የአጋዘኑን ነገር ልብ በሉት፤ ተራራ ላይ ስንደርስ ይኸው ባለውለታ እንስሳ ጠላት ሆኖ እናገኘዋለን።

ለንደን ሆኖ አንድ ቀን ብቻ ላለው

እውነተኛው ፉክክር በሪችመንድ ፓርክና በኤፒንግ ፎረስት መካከል ነው። በሁለቱም በከተማ ትራንስፖርት ይደረሳል፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም።

ሪችመንድን ቀዳማዊ ቻርልስ በ1637 ዙሪያውን በግንብ ያሳጠረው የአደን ፓርክ ነው፤ 955 ሄክታር ይሆናል። ዛሬም ከ600 በላይ አጋዘን ይሰማራበታል። ያረጁት ዛፎች ከሺህ በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ኦክ ናቸው፤ ሮያል ኦክ የሚሉት ብቻ 750 ዓመት ገደማ ይገመታል። ከሩቅ ሲያዩዋቸው የሁሉም ዛፎች ቅጠል በአንድ ልክ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በመቀስ የተስተካከለ ይመስላል። አትክልተኛ አይደለም የከረከመው፤ የአጋዘን አፍ እስከዚያ ነው የሚደርሰው። በዲስትሪክት መስመር እስከ ሪችመንድ፣ ከዚያ በ65 ቁጥር አውቶቡስ ወይም በእግር ይደረሳል። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ፣ ከአገር ቤት እናቱ ወይም አባቱ የመጡበት፣ ጫማው እንዲቆሽሽ የማይፈልግ ሰው ሌላ ሳያወዳድር ሪችመንድ ይሂድ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግን ወንዶቹ አጋዘኖች ለእንስት የሚፋለሙበት ወቅት ነው፤ ቢያንስ 50 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ፎቶ ለማንሳት የሚጠጋቸው ሰው በየዓመቱ አይጠፋም።

ኤፒንግ ሌላ ዓለም ነው። ከምሥራቅ ለንደን ጀምሮ እስከ ኤፒንግ ከተማ የሚዘረጋ ወደ 2,400 ሄክታር ደን ሲሆን፣ ውስጡ ከ50,000 በላይ ያረጁ ዛፎች አሉ። ቢች፣ ኦክና ሆርንቢም የሚበዙበት ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ቅርጻቸው እንግዳ ነው፤ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ግንዱ በድንገት እንደ መዳፍ ይከፈትና አምስትና ስድስት ወፋፍራም ክንዶች ወደ ሰማይ ይወጣሉ። ይህን ቅርጽ ፖላርድ ይሉታል። የአካባቢው ሰው ማገዶ የመቁረጥ መብት ነበረው፤ ከሥር ቢቆርጠው ከብትና አጋዘን ቡቃያውን ስለሚበላበት ከአፋቸው በላይ ይቆርጠው ነበር። እንደዚህ እየተቆረጠ የሚኖር ዛፍ እንዳልተነካው ዛፍ አናቱ አይከብደውም፣ ነፋስም አይጥለውም፤ ስለዚህ ዕድሜው ይረዝማል። በ1878 በወጣው ሕግ ደኑ ለለንደን ከተማ አስተዳደር ተላልፎ ለሕዝብ መዝናኛ ሲጠበቅ የቅርንጫፍ ቆረጣ መብቱ ቀረ። በደኑ ዳር ያለችው የላውተን ከተማ ሰዎች በካሳው ገንዘብ የሠሩት አዳራሽ ስሙ እስከ ዛሬ ሎፒንግ ሆል ነው፤ «የቅርንጫፍ ቆራጮች አዳራሽ» እንደማለት። መቁረጡ ከቀረ ወዲህ ክንዶቹ እየከበዱ ሄዱ፤ አንዳንዱ ቢች በራሱ ክብደት ለሁለት ይሰነጠቃል። ጥበቃው ራሱ ዛፎቹን አደጋ ላይ መጣሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በሴንትራል መስመር ላውተን ወርዶ በእግር ይገባል። ጭቃው ቀላል አይደለም፤ መጥፋትም አለ፤ እኔ ሁለቴ ጠፍቻለሁ። የቢች ቅጠል መዳብ በሚመስልበት በኅዳር መጀመሪያ ግን ሪችመንድ ከኤፒንግ ጋር አይወዳደርም። ፍርዴ ይህ ነው፦ ለአንድ ጠዋት ሪችመንድ፣ ለሙሉ ቀንና ለብቸኝነት ኤፒንግ።

ሦስተኛና አራተኛ ምርጫ ለሚሹ ዊንዘር ግሬት ፓርክና በርነም ቢችስ አሉ። ዊንዘር ውስጥ ከሪችመንድ የሚበልጡ፣ እንደ ጎጆ የሰፉ ኦኮች አሉ፤ ግን ተራርቀው ስለቆሙ ብዙ ያስኬዳል። በርነም ቢችስን የለንደን ከተማ አስተዳደር በ1880 የገዛው ሲሆን የኤፒንግ ታናሽ ወንድም ነው፤ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የቢች ፖላርዶችን ያለ ብዙ ድካም ያሳያል። መኪና ላለው ቤተሰብ ከኤፒንግ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ስሙ የገነነው ኦክ

ሸርዉድ ያለው ሜጀር ኦክ የብሪታንያ ዝነኛው ዛፍ ነው። ኖቲንግሃምሸር፣ ኤድዊንስቶው አጠገብ ይገኛል። ዕድሜው ከ800 እስከ 1,100 ዓመት ይገመታል፤ የግንዱ ዙሪያ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል። ስሙን ያገኘው በ1790 ስለ እሱ ከጻፈው ከሻለቃ ሄይመን ሩክ ነው፤ ከሮቢን ሁድ ጋር የሚያገናኘው ተረት ነው። ከባባዶቹ ክንዶቹ እንደ አዛውንት በምርኩዝ ተደግፈዋል። ለብዙ ዓመት የጎብኚ እግር ሥሩ ያለበትን አፈር ስለደቀደቀው ዙሪያው ታጥሯል፤ ዛሬ የሚታየው ከሩቅ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም፦ ሜጀር ኦክን ብቻ ለማየት ከለንደን ሸርዉድ መሄድ ትርፍ የለውም። ከአጥር ውጭ ቆሞ ፎቶ አንስቶ መመለስ ነው። ቢርክላንድስ በሚባለው የደኑ ክፍል ግን ስም የሌላቸው፣ አጥር የሌላቸው በመቶ የሚቆጠሩ አሮጌ ኦኮች በበርች ዛፎች መካከል ቆመዋል። ግማሾቹ አናታቸው ደርቆ እንደ አጋዘን ቀንድ ወጥቷል። ይህ የሞት ምልክት አይደለም፤ ኦክ ሲያረጅ አናቱን እየተወ ወደ ታች ይሰበሰባል። ሦስት መቶ ዓመት ያድጋል፣ ሦስት መቶ ዓመት ይኖራል፣ ሦስት መቶ ዓመት ይሞታል ይላሉ እነሱ። ሸርዉድ የሚሄድ ሰው ለዝነኛው አሥር ደቂቃ፣ ለስም የለሾቹ ሦስት ሰዓት ይስጥ።

ግንድ መጠን ለሚማርከው ሊንከንሸር ውስጥ፣ ቦርን ከተማ አጠገብ ያለው የባውቶርፕ ኦክ ከሜጀር ኦክ ይሰፋል፤ ዙሪያው ከ12 ሜትር በላይ ነው። ያለው በግል እርሻ ላይ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለቤቱ ባዶ ሆዱን አስተካክሎ በርና መቀመጫ አስገብቶለት እንግዳ ያበላበት ነበር። ኒው ፎረስትም ናይትዉድ ኦክ አለው። የኔን ንዴት ያስረሳኝ እሱ ነው፤ ከ7 ሜትር በላይ ዙሪያ ያለው ፖላርድ ነው። በመከር ወራት ከሄዳችሁ የመንደሩ ሰዎች አሳማ ሲለቁ ታያላችሁ። አረንጓዴው የኦክ ፍሬ ለፈረሶቹ መርዝ ስለሆነ አሳማዎቹ ቀድመው እንዲለቅሙት ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ብዙዎቹ አዳዲስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች አብርሃም ድንኳኑን የተከለበትን የመምሬ ዛፍ «ኦክ» ሲሉት የእኛው ትርጉም «አድባር ዛፍ» ነው የሚለው። የእጽዋት ሊቅ ምን እንደሚል እንጃ፤ ሸርዉድ የቆመ ሰው ግን የእኛው ቃል ይበልጥ ይጥመዋል።

ከቤተክርስቲያን አጠገብ ያለው

አገር ቤት ደብር ከሩቅ የሚለየው በጥዱና በወይራው ነው። እንግሊዝም ውስጥ የገጠር ቤተክርስቲያን ግቢ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ካያችሁ ዩው ነው። አንዳንዱ ከቤተክርስቲያኑ ይቀድማል። ዕድሜውን በእርግጥ የሚናገር ግን የለም፤ ዩው ሲያረጅ መሐሉ ስለሚበሰብስ የሚቆጠር ቀለበት አይተርፍም። ስለዚህ የዩው ዕድሜ ሲነገራችሁ ሁልጊዜ በሰፊው ልዩነት ያዙት።

ሦስት አሉ ሊወዳደሩ የሚገባቸው። ፎርቲንጎል፣ ስኮትላንድ ፐርዝሸር ውስጥ፣ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል ይባላል፤ 2,000ም፣ 3,000ም፣ ከዚያም በላይ የሚሉት አሉ። በ1769 ሲለካ ዙሪያው 16 ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ለመታሰቢያ እየቆረሰ ወሰደው፤ ግንዱም ተከፍሎ የቀብር ሰልፍ በመሐሉ ያልፍ ነበር። ዛሬ በአጥር ውስጥ የቆሙ ቁርጥራጮች ናቸው የሚታዩት። በ2015 ወንድ ሆኖ የኖረው ይህ ዛፍ በአንድ ቅርንጫፉ ላይ የእንስት ዛፍ ፍሬ አፍርቶ ሊቃውንቱን አስገርሟል። ታሪኩ ግሩም ነው፤ ለዓይን ግን ብዙም አይሞላም።

አንከርዊክ የሚባለው ለለንደን ቅርብ ነው። ከዋተርሉ ሬይዝበሪ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በእግር። ዙሪያው 8 ሜትር ሲሆን ዕድሜው ከ1,400 እስከ 2,500 ዓመት ይገመታል። ከቴምዝ ማዶ ንጉሥ ጆን በ1215 የንጉሥን ሥልጣን የሚገድበውን ማግና ካርታ የተባለ ሰነድ በማኅተሙ ያጸደቀበት ረኒሚድ አለ። አብዛኛው ጎብኚ ወንዙን ሳይሻገር ስለሚመለስ እዚህ ጸጥታ አለ።

የእኔ ምርጫ ኪንግሊ ቬል ነው፤ ቺቸስተር አጠገብ። እዚያ ዩው ብቻውን ሳይሆን ደን ሆኖ ቆሟል፤ በአውሮፓ ከታወቁት የዩው ደኖች አንዱ ነው። ቅርንጫፎቹ መሬት ነክተው፣ ሥር ሰድደው፣ እንደገና ተነስተዋል። በሥራቸው ሣር እንኳ አይበቅልም፤ በቀትር የምሽት ጨለማ ነው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ልብ ይበል፦ ከቀይዋ የፍሬ ሥጋ በቀር ዩው ሙሉ በሙሉ መርዝ ነው፤ በቀይዋ ውስጥ ያለችው ዘርም ጭምር።

ሰማያዊው ምንጣፍ

ያረጀ ደን ምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ መረዳት የሚፈልግ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ብሉቤል ሲያብብ ይሂድ። ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ በሚገባው ብርሃን መሬቱ ሰማያዊ ይሆናል። ይህች አበባ አዲስ መሬት ቶሎ አትይዝም፤ ስለዚህ በብዛት የምትታይበት ደን አብዛኛውን ጊዜ ጥንታዊ ነው። ዛፉ የደበቀውን የመሬቱን ዕድሜ አበባዋ ትናገራለች። ሄርትፎርድሸር ያለው አሽሪጅ ለዚህ ዝነኛ ነው፤ ሰውም ይበዛበታል። ስታንስቴድ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው ሃትፊልድ ፎረስት ደግሞ ከጉቶ የሚቆረጠውን ደንና በሜዳ የቆመውን ፖላርድ ጎን ለጎን ስለሚያሳይ፣ እስካሁን ያወራሁትን ሁሉ በአንድ ቦታ ማየት ለሚፈልግ የሚሻለው እሱ ነው። ብሉቤል ላይ አትርገጡ፤ የተረገጠው ቦታ ለዓመታት ይጎዳል።

ዝናብ ያሳደገው ደን

ለንደን ዝናባም ከተማ ናት የሚባለው ነገር የተጋነነ ነው። በዓመት የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከእሷ እጅግ ትበልጣለች። እውነተኛው ዝናብ ያለው በምዕራቡ ጠረፍ ነው። ሌክ ዲስትሪክት፣ ቦሮዴል ሸለቆ ውስጥ ያለችው ሲዝዌት በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። እዚያ ኦኩ ቅርፊቱ አይታይም። ድንጋዩም ግንዱም በወፍራም አረንጓዴ ሞስ ተሸፍኗል፤ ፈርን ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላል፤ የዛፍ ሽበት ከላይ ይንጠለጠላል። የሞቃት አገር ሳይሆን የብርድ አገር የዝናብ ደን ነው። በእነዚህ ደኖች የሚበዛው የኦክ ዓይነትም ከሪችመንዱ ይለያል። የሪችመንዱ ፍሬ በረጅም ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል፤ የምዕራቡ ፍሬ ዘንግ የለውም፣ ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። በመከር ወቅት የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይህ ይበቃል።

ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ዊስትመንስ ዉድን ነው፤ ዳርትሙር ላይ፣ ከቱ ብሪጅስ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ። በትልልቅ የድንጋይ ክምር መካከል የተጠማዘዙ ድንክ ኦኮች ናቸው። ፎቶው ያማልላል። ግን ጥቂት ሄክታር ብቻ ነው፤ የጎብኚ እግር ሞሱን ስለገፈፈው ሰው ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከዳር ሆኖ እንዲያይ ይጠየቃል። ለዚያ ብሎ ዴቨን ድረስ የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል። ቦሮዴል በ2024 ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሲባል የተጠበቀው ሰፊ ነው፤ በደኑ ውስጥ የሚያልፉ መንገዶችም አሉ። ዌልስ ውስጥ ኮይድ ቬለንሪድ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ሱናርት አጠገብ ያለው አሪየንድል ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ያለ መኪና ግን ያስቸግራሉ። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ቦሮዴል። የዝናብ ልብስ ሳትይዙ ብትሄዱ ራሳችሁን ውቀሱ።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ፓይኑ

እኛ ሹል ቅጠል ያለውን ሁሉ ጥድ ብለን እናልፈዋለን። እዚህ ግን መለየት ይረዳል፤ የአገሩ ተወላጅ የሆኑት ባለ ሹል ቅጠሎች ሦስት ብቻ ናቸውና፦ ስኮትስ ፓይን፣ ዩው እና ጥድ። ሦስተኛው በእርግጥም የእኛ ጥድ ዘመድ ነው። የእኛው ትልቅ ዛፍ ሲሆን፣ የእነሱ ብዙውን ጊዜ ደረት የሚደርስ ቁጥቋጦ ሆኖ በፓይኑ ሥር ይበቅላል። ቅጠሉን በጣት አሽታችሁ ብታሸቱት ሽታው ያስታውቃችኋል።

በአንድ ወቅት የስኮትላንድን ደጋ በሰፊው የሸፈነው የፓይን ደን ዛሬ የተበጣጠሰ ነው። የቀሩትን ለማየት ሮቲመርከስና አበርኔቲ በአንድ በኩል፣ ግለን አፍሪክና ቤን ኤይ በሌላ በኩል ይወዳደራሉ። ያለ መኪና የሚሄድ ሰው ምርጫው አልቆለታል፤ ከለንደን ዩስተን የሚነሳው የመኝታ ባቡር አቪሞር ያወርደዋል፣ ከዚያ ሮቲመርከስ በእግር ነው። ፓይኖቹ እንደ ሳንቃ ፋብሪካ ተክል ቀጥ ብለው የተሰለፉ አይደሉም፤ አንዱ ጃንጥላ፣ አንዱ ማገር ይመስላል፤ የላይኛው ግንዳቸው በማታ ፀሐይ ብርቱካናማ ይሆናል። አበርኔቲ ውስጥ ሎህ ጋርተን የሚባል ሐይቅ አለ፤ ከብሪታንያ ጠፍታ የነበረችው ዓሣ አዳኝ ንስር ኦስፕሬይ በ1954 ተመልሳ ጎጆ የሠራችው እዚያ ነው።

መኪና ካላችሁ ግን ግለን አፍሪክ። ሐይቅ፣ ፓይን፣ ተራራ በአንድ እይታ። ቤን ኤይ በ1951 በብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ የሆነው ነው፤ ከሎህ ማሪ ዳር ተነስቶ ከፓይኑ እስከ ድንጋዩ የሚያወጣ መንገድ አለው። ዳገቱ ለጠንካራ ጉልበት ነው።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሚጅ የሚሏት፣ ከትንኝ የምታንስ ተናካሽ ነፍሳት በደመና ትመጣለች። እኔ በሐምሌ ሄጄ ምሳዬን እየሮጥኩ ነው የበላሁት። ግንቦት ወይም መስከረም መጨረሻ ይሻላል።

በመንገድ ላይ በሰልፍ የቆመ ጥቁር ደን ካያችሁ ጥንታዊ እንዳይመስላችሁ። ሲትካ ስፕሩስ ነው፤ በ1831 ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የመጣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብሪታንያ ደን ወደ 5 በመቶ ገደማ ወርዶ ስለነበር በ1919 የደን ኮሚሽን ተቋቁሞ በሰፊው ተከለ። ዛሬ ሽፋኑ 13 በመቶ ገደማ ለመድረሱ አንዱ ትልቅ ምክንያት እሱ ነው። ለእንጨት ጥሩ፤ ለጉብኝት አልመክርም።

ጫማ የማያልፉ ዛፎች

የሰሜን ተራሮችን የወጣ ሰው ደኑ ወደ አስታ፣ አስታው ወደ ጅብራ ሲለወጥ አይቷል። በብሪታንያም እንደዚህ ያለ ደረጃ ነበር፤ ፓይኑ እያጠረ ሄዶ ወደ ድንክ በርችና ወደ ተራራ አኻያ ይለወጣል። የአኻያ ዘመዶች ብዙ ናቸው፦ ቅጠላቸው እንደ በግ ጠጉር የለሰለሰ አሉ፣ ከሁሉም የምታንሰው ድንክ አኻያ ደግሞ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብላ ዛፍ ተብላ ትቆጠራለች። ሳያውቁት ይረግጧታል።

ይህን ደረጃ ያጠፋው በግና አጋዘን ነው። ተኩላ ከጠፋ ወዲህ አጋዘኑን የሚቀንሰው አዳኝ ሰው ብቻ ሆነ፤ ችግኝ ብቅ ሲል ይበላል። ሪችመንድ ላይ የኦኩን ብርሃን የጠበቀለት አፍ እዚህ አኻያውን ገደል ላይ አሰደደው። የተረፉት እንስሳ በማይደርስበት ዓለት ላይ ናቸው።

ለማየት ሦስት መንገድ አለ። ኬርንጎርምስ ውስጥ ክሬግ ፊያክላህ ላይ፣ 640 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ፓይኑ በነፋስ እየደቀቀ ወገብ ሲያክል የሚታይበት የተፈጥሮ የዛፍ ወሰን ተርፏል። በብሪታንያ እንደሱ ያለ የለም፤ ግን ምልክት ያለው መንገድ የለውም፣ ካርታ ማንበብ ለማይችል አይሆንም። ሁለተኛው ቤን ሎወርስ ነው፤ ከፍታው 1,214 ሜትር። የስኮትላንድ ናሽናል ትረስት ከመኪና ማቆሚያው በላይ አንድ ሸለቆ አጥሮ ለአሥርተ ዓመታት ከግጦሽ ጠብቆታል። አጥሩን ስትገቡ ልዩነቱ በአንድ እርምጃ ይታያል፤ ውጭ የተላጨ ሣር፣ ውስጥ አኻያ፣ በርችና አበባ። ለአብዛኛው ሰው ይህን እመርጣለሁ፤ ወደ ጫፉ መውጣት እንኳ አያስፈልግም። ሦስተኛው ሞፋት አጠገብ ያለው ካሪፍራን ነው፤ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ባዶውን ሸለቆ ገዝተው በ2000 የመጀመሪያ ቀን መትከል ጀመሩ። እስካሁን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተክለዋል። ያረጀ ዛፍም ያረጀ ደንም የለበትም፤ ግን አገር ቤት ደን የመትከል ሐሳብ ያለው ሰው ከሁሉም በፊት እሱን ቢያይ እላለሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ስኮትላንድ ውስጥ በ2003 በወጣ ሕግ መሠረት በኃላፊነት እስከሄዳችሁ ድረስ አብዛኛው መሬት ለእግረኛ ክፍት ነው። እንግሊዝና ዌልስ ግን ለሕዝብ ክፍት ከሆነው መሬት ውጭ ምልክት የተደረገበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። በሙቀቱ ወራት ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ማታ ገላችሁን ለመዥገር ፈትሹ፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በነፋስ ቀን ከአሽ ዛፍ ሥር አትቀመጡ፤ በ2012 በአገሩ የታየው የፈንገስ በሽታ ብዙዎቹን አድርቋቸዋል፣ ቅርንጫፋቸው ሳያስጠነቅቅ ይወድቃል።

ሜትር ያዙ። የዛፍ ግንድ የሚለካው ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ስድስት ሜትር የሞላ ኦክ ካገኛችሁ ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ነው። ውድላንድ ትረስት የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት የጥንታዊ ዛፎች መዝገብ አለው፤ ማንም ሰው የለካውን ማስመዝገብ ይችላል፣ የሰፈሩንም ሽማግሌ ዛፍ በካርታው ላይ መፈለግ ይችላል። ሜትር ከሌለ እጅ ዘርግቶ ማቀፍ ነው፤ የአዋቂ አንድ እቅፍ 1.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለፈው መከር ሪችመንድ ላይ አንዱን ኦክ ለማቀፍ ከልጆቹ ጋር አራት ሆነን ሞክረን አልበቃንም፤ ውሻቸውን የሚያናፍሱ አንድ አዛውንት ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ ገመዱን ለልጄ አስይዘው አምስተኛ ሆኑልን።